ጭማቂው ለባዕድ፣ ልጣጩ ለእኛ እስከ መቼ?

ይርጋጨፌ የሚለው ስም ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ከዲላ አለፍ ብላ የምትገኝ የአንዲት የጌዴኦ ከተማ ስም ብቻ አይደለም። በኒውዮርክም፣ በቶኪዮም፣ በበርሊንም ቡና የሚያጣጥም ሰው ይህን ስም ያውቀዋል። ስሙ ገንዘብ ነው። ገንዘብ መሆኑን ግን ከእኛ ቀድሞ የተረዳው ባዕድ ነበር።

ታሪኩን ለረሳ እናስታውስ። በመጋቢት 1997 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፣ በአቶ ጌታቸው መንግሥቴ መሪነት፣ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡ ማመልከቻ አስገባ። ይገባችኋል ያለን ግን አልነበረም። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ደግሞ «ሲዳሞ» የሚል ቃል ያለበትን ስም ቀደም ብሎ ለራሱ ለማስመዝገብ ጠይቆ ስለነበር፣ የእኛ የሲዳሞ ማመልከቻ በር ላይ ቀረ። በገዛ ስማችን ወረፋ ያዝን ማለት ነው! ክርክሩ ጦፈ፣ ዓለም አቀፍ በጎ አድራጊዎች ጮኹ፣ በነሐሴ 1998 ይርጋጨፌ ተመዘገበ፣ በሰኔ 1999 ደግሞ ኩባንያው ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት መፈራረሙ ተነገረ።

ከዚያ ወዲህ የጌዴኦ ገበሬ ከበርቴ ሆነ ወይ? አልሆነም። ቀይ እሸት ቡናውን ለቅሞ ማጠቢያ ጣቢያ የሚያደርሰው ገበሬ ዛሬም የጎጆውን ክዳን ለመቀየር ዓመት ሙሉ ያሰላል። ነገር ግን አንድ ቁም ነገር ተገኝቷል። ከዚህ አፈር የበቀለ ነገር ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ከጠየቀ መልስ ያገኛል። ካልጠየቀ ግን ሌላው ይወስደዋል።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላ ይርጋጨፌ በእጃችን ላይ አለ። ስሙ ጥንቅሽ ይባላል።

ሐረርጌ፣ ወሎ ወይም ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ጥንቅሽ ምን እንደሆነ አይጠይቀንም። ከማሽላው ማሳ መሐል ወይም ዳር ዳሩን ለልጆች ተብሎ የሚዘራ፣ አገዳው እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጥ የማሽላ ዘር ነው። ልጣጩን በጥርስ ገፎ፣ አኝኮ፣ ጭማቂውን መጥጦ ገለባውን መትፋት ነው። እኛ የልጅ ማባበያ አድርገን ትተነዋል። ሌላው ዓለም ግን ከዚሁ አገዳ መኪና የሚያስኬድ ነዳጅ ሊጨምቅ የምርምር ገንዘብ ሲያፈስስ ቆይቷል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው።

ምሥጢሩ የተወሳሰበ አይደለም። አረቄ የምታወጣ እናት ታውቀዋለች። ጣፋጩን ነገር እርሾ ይበላዋል፣ አልኮል ይሆናል፣ በእሳት ተንኖ ይወጣል። ከጥንቅሽ ጭማቂም በዚሁ መንገድ ኢታኖል ይገኛል። ከቤንዚን ጋር ለመደባለቅ ውኃው ጨርሶ መውጣት አለበትና ለዚያ ፋብሪካ ያስፈልጋል። ለምድጃ ግን ጥቂት ውኃ ቢኖርበትም ይነድዳል። ይህን አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጥንቅሽ ከሸንኮራ አገዳ በምን ይሻላል? ሸንኮራ ከተተከለ እስኪቆረጥ ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ በአገራችን ያለ መስኖ አይታሰብም። ጥንቅሽ በአራትና በአምስት ወር፣ በክረምት ዝናብ ብቻ ይደርሳል። የሚጠጣው ውኃም ከሸንኮራው እጅግ ያነሰ ነው። ከሁሉም በላይ ራሱ ላይ ዘለላ አለው። ከላይ እንጀራ፣ ከመሐል ነዳጅ፣ ከቅጠሉና ከተጨመቀው ገለባ የከብት መኖ። ሸንኮራ ይህን አይሰጥም። እርግጥ ከአንድ ቶን ሸንኮራ 70 ሊትር ገደማ ኢታኖል ሲገኝ፣ ከአንድ ቶን ጥንቅሽ የሚገኘው 40 ሊትር ገደማ ነው። ቢሆንም ሸንኮራ አንዴ እስኪደርስ ጥንቅሽ ታጭዶ፣ በማሳው ላይ ሌላ እህል ይዘራበታል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ካለው ለምን ሀብት አልሆነም? የጎደለው የማዳቀል ሥራ ነው። በመንደር የሚዘራው ጥንቅሽ አገዳው ጣፋጭ ይሁን እንጂ ዘለላው ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። ለእንጀራ የሚዘራው ማሽላ ደግሞ ዘለላው ሙሉ ሆኖ አገዳው ደረቅና እንደ ቡሽ ቀላል ነው። ሁለቱን በአንድ ተክል ላይ ማገናኘት የአዳቃዩ ሥራ ነው። ስኳሩ የሚበዛ፣ ዘለላው የማይከዳ፣ ነፋስ የማይጥለው፣ አቀንጭራ የማያንቀው፣ ድርቅ ሲመጣ የማይጠወልግ ዘር መፍጠር። ይህ የአንድ ክረምት ሥራ አይደለም፤ ያለማቋረጥ የአሥር ዓመት ሥራ ነው። የአሥር ዓመት ሥራ ደግሞ ለካሜራና ለሪባን መቁረጫ አይመችም። ችግሩ ይኸው ነው።

ሌሎቹ ግን አልሰነፉም። የማሽላ አገዳ ደረቅ ወይም ጭማቂያም እንዲሆን የሚወስነው አንድ ዘረመል መሆኑ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ይገመት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የጃፓንና የቻይና ተመራማሪዎች በየፊናቸው ያንን ዘረመል ለይተው አወጡት። ዘረመሉ በጥንቅሽ ላይ ሥራውን አቁሟል፤ ለዚህ ነው አገዳው ሳይደርቅ ጭማቂውን ይዞ የሚቆየው። ከእንግዲህ አዳቃይ የሆነ ሰው አገዳ እስኪያድግ ጠብቆ ማኘክ የለበትም። ከችግኙ ቅጠል ቆርጦ በላቦራቶሪ ያውቀዋል። ዕውቀቱ ታትሟል፣ ማንም ያነበዋል። የእኛ ተመራማሪ ግን ይህን የሚሠራበት ኬሚካል በውጭ ምንዛሪ እጦት ወራት ይጠብቃል።

የሚያንገበግበው ደግሞ ማሽላ የማን ቤት ልጅ እንደሆነ ማሰብ ነው። ማሽላ በመጀመሪያ የተለመደው በዚህችው በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ፣ በእኛና በሱዳን አካባቢ ነው። በአገራችን በአንድ ሚሊዮን ተኩል ሄክታር ገደማ መሬት ላይ ይዘራል። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ ድረስ መጥቶ ዘር የሰበሰበው ያለ ምክንያት አልነበረም። አሜሪካኖች ማሽላቸው ድርቅ ሲመታው አረንጓዴነቱን ሳይለቅ እንዲቆይ ያደረጉበት ዝነኛው ዘር ከኢትዮጵያ የሄደ ማሽላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በላይሲን የበለፀገ፣ ማለትም ለሰውነት ግንባታ የሚሆነው ፕሮቲን የተሻለበት ማሽላ አገኘን ብለው ዓለምን ጉድ ሲያሰኙ፣ ዘሩ የተገኘው ከወሎ ነበር። የወሎ ገበሬ ላይሲን የሚባል ነገር ባያውቅም ዘሮቹን «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» ብሎ ሰይሟቸው ኖሯል። ስሙን የሰጠ ሕዝብ ጥቅሙን አጥቶት ነበር ብሎ የሚከራከረን ካለ ይምጣ!

ሰውም አላጣንም። ከወሎንኮሚ ገጠር ተነስተው በዓለማያ የተማሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ለሱዳን ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ አበረከቱ፤ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዘሮች አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። ዶክተር መላኩ ወረደ በ1977ቱ ድርቅ ገበሬው የዘር እህሉን እየበላ በነበረበት ጊዜ የአገር ዘር እንዳይጠፋ ያደረጉት ተጋድሎ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ዘሩ አለ፣ የዘር ባንኩ አለ፣ ሰው አለ። ታዲያ የጠፋው ምንድን ነው? የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ቢባል ማን ያምናል?

አይ፣ ዘራችንን ማንም አይወስድም የሚል የዋህ ካለ የጤፍን ታሪክ ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2005 የእኛ የብዝኃ ሕይወትና የእርሻ ምርምር መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ፈረሙ። ኩባንያው ጤፍን በአውሮፓ ያለማል፣ ትርፉን ያካፍላል ተባለ። በላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሆኖ፣ ለኢትዮጵያ ከደረሱት ጥቂት ነገሮች አንዱ 4 ሺህ ዩሮ ገደማ ነበር። ኩባንያው በኋላ ከሰረ። በጤፍ ዱቄት ላይ የተወሰደው የባለቤትነት መብት ግን በሌላ እጅ ቀጠለ። የሻረው የሄግ ፍርድ ቤት ነው፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ። ክሱን ያነሳንም እኛ አልነበርንም፤ ጉዳዩ በሆላንድ ኩባንያዎች መካከል የተነሳ ክርክር ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህን። እኛ ግን ያን ያህል እንኳ አልጮኽንም።

አሁን ደግሞ መንግሥታችን የነዳጅ ተክል ነገር ላይ ምን ሠርቶ እንደነበር እንይ። በመስከረም 2000 ዓ.ም. የማዕድንና ኢነርጂ ሚኒስቴር የባዮፊውል ስትራቴጂ አወጣ። ለጃትሮፋ፣ ለጉሎና ለመሳሰሉት የዘይት ተክሎች የሚስማማ 23.3 ሚሊዮን ሄክታር መሬት አለ ተብሎ ተጻፈ። አንባቢ ቁጥሩን ልብ ይበልልን። ይህ የአገሪቱ የቆዳ ስፋት አንድ አምስተኛ ነው! ባዶ መሬት ነው፣ ሰው የለበትም ተባለ። የከብት ግጦሹስ? የአርብቶ አደሩ መሄጃስ? የቀርከሃና የቁጥቋጦው ጫካስ? በካርታ ላይ የከብት ኮቴ አይታይምና አልተቆጠረም።

ውጤቱን ሁላችንም አየነው። በምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ ልማት ለውጭ ኩባንያ ተሰጠ የተባለው መሬት ከባቢሌ የዝሆን መጠለያ ጋር ተደራርቦ ጉድ አሰኘ። በወላይታ ገበሬው ከጠባብ ማሳው ቆርሶ ጉሎ እንዲዘራ ተደረገ፤ እንደተነገረው ግን ምርቱም ገቢውም አልመጣለትም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው በደረሰበት ገበሬ ላይ ነው። የዚያ ዘመን የጃትሮፋ ፕሮጀክቶች ዛሬ የት ናቸው? ማን ተጠየቀ? ማንም!

በኢታኖሉ በኩል ደግሞ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ተጀመረ። በ2003 ወደ 10 በመቶ ከፍ አለ። ኢታኖሉ ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ የሚወጣ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን ነገሩ በሙሉ የተንጠለጠለው በስኳር ፋብሪካዎቹ ላይ ነበር። በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዘመን ይገነባሉ የተባሉት አዳዲስ የስኳር ፋብሪካዎች ምን እንደደረሰባቸው አገር ያውቀዋል። ስኳር ከሌለ ሞላሰስ የለም፤ ሞላሰስ ከሌለ ኢታኖል የለም። ድብልቁም ከአዲስ አበባ አልፎ አገር ሊያዳርስ ቀርቶ ሳይቆራረጥ መዝለቅ አልቻለም። ሁሉን እንቁላል በአንድ ቅርጫት ያስቀመጠ ሰው ቅርጫቱ ሲወድቅ ምን ይበላል?

ይህ ሁሉ የሆነው ነዳጅ በጂቡቲ በኩል በዶላር እየገባ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ በሐምሌ 2016 ደግሞ ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ፣ የታክሲ ተሳፋሪውና የአትክልት ተራው ነጋዴ ምን እንደቀመሱ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። ሁለቱም ክብደት አላቸውና ማለፍ አንችልም።

የመጀመሪያው «ሕዝብ ሲራብ እህል ለመኪና?» የሚለው ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የበቆሎ ፍሬ እየፈጩ ነዳጅ የሚያደርጉ አገሮች አሉና ፍርሃቱ መሠረት አለው። የጥንቅሽ ልዩነት እህሉ ሳይነካ ከአገዳው መጨመቁ ነው። ቢሆንም ባለሥልጣን ሲቸኩል እህሉንም አገዳውንም አንድ ላይ እንደሚያጭድ እናውቃለን። ደግሞም የማሽላ አገዳ በወሎና በሐረርጌ የሚጣል ነገር አይደለም። የበሬ መኖ ነው፣ የምድጃ ማገዶ ነው፣ የቤትና የአጥር መሥሪያ ነው። ስለዚህ አገዳውን የሚወስድ ሰው ገለባውን መልሶ ለገበሬው ማስረከብ አለበት። ይህ በውል መጻፍ ያለበት እንጂ በአደራ የሚተው ነገር አይደለም።

ሁለተኛው «ዘመኑ የኤሌክትሪክ መኪና ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ አግዷል። የሕዳሴው ግድብም በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ደስ ብሎናል። ነገር ግን አገር የሚንቀሳቀሰው በአውቶሞቢል ብቻ አይደለም። በመንገድ ላይ ያሉት መኪኖች፣ ሞተር ብስክሌቶችና ባጃጆች ነገ ጧት አይጠፉም። ከዚያ በላይ ደግሞ ወጥ ቤት አለ። የአገራችን እናት ዛሬም በአብዛኛው የምታበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ጭሱ ዓይኗንና ሳንባዋን ይጨርሳል። በሶማሌ ክልል ቀብሪ በያህ የስደተኞች ካምፕ ጋይያ የተባለው ማኅበር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ጀምሮ በኢታኖል የሚነድድ ምድጃ አዳርሶ፣ እንጨት ፍለጋ በረሃ የሚወጡ ሴቶችን ከብዙ መከራ አሳርፏል። ኢታኖሉ ያገራችን ነበር። ቀደም ብለን አንባቢ ይያዝልን ያልነው ይህንን ነው። የጥንቅሽ ኢታኖል ከመኪናው በፊት ወጥ ቤቱን ሊያገለግል ይችላል።

ከህንድም እንማር። በቀድሞው አንድራ ፕራዴሽ እ.ኤ.አ. በ2007 ኢክሪሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የእርሻ ምርምር ተቋም ያገዘው፣ ከጥንቅሽ ኢታኖል የሚያወጣ ፋብሪካ ሥራ ጀምሮ ነበር። አልዘለቀም። የጥንቅሽ አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ስኳሩ በቶሎ ይበላሻል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መጨመቅ አለበት። ገበሬው ሁሉ ደግሞ በአንድ ሰሞን ያጭዳል። ፋብሪካው ለጥቂት ሳምንታት ይጨናነቃል፣ ከዚያ ወሩን ሙሉ ባዶውን ይቆማል። መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ ነው የሚመጣው። አዳቃዩ ቀድሞ የሚደርስ፣ መሐል የሚደርስና ዘግይቶ የሚደርስ ዘር ያወጣል፤ አጨዳው ይረዝማል። መሐንዲሱ ደግሞ ትልቁን ፋብሪካ ትቶ አነስተኛ መጭመቂያ ወደ ቀበሌው ይወስዳል፤ አገዳው ሳይሆን ጭማቂው በበርሜል ይጓዛል። የእኛ ባለሥልጣን ግን ፋብሪካውን ቀድሞ አስመርቆ ዘሩን በኋላ እንዳይፈልግ እንሰጋለን። ሰግተን የተሳሳትንበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ወደ ጌዴኦ እንመለስ። ይህ የነዳጅ ተክል ነገር አንድ ቀን ጌዴኦ ደጃፍ ከደረሰ፣ ከወዲሁ «እዚህ አይሆንም!» ማለት ግዴታችን ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በዞኑ 847,434 ሰው ተቆጥሯል፤ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 700 ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሕዝቡ ጨምሯል። ጌዴኦ ይህን ሁሉ ሕዝብ ያኖረው ዛፉን፣ እንሰቱንና ቡናውን በአንድ ማሳ ላይ ደርቦ በማልማት ነው። ዓለም ይህን አድንቆ በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ማሽላ ብርሃን ይፈልጋል፤ በጥላ ሥር አይሆንም። ማሽላ ለመዝራት ዛፉን መቁረጥ ነው፤ ዛፉን መቁረጥ ቡናውንም እንሰቱንም መቁረጥ ነው።

የመሬት ነገር ደግሞ በዚያ አካባቢ የዋዛ ጉዳይ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ሚጪሌ ላይ የጌዴኦ ገበሬ በባለርስቶች ላይ የተነሳው በመሬቱና በቡናው ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሎ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሜዳ ላይ ተኝቷል። ያ ቁስል ገና አልደረቀም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። «የሕዝብ» የምትለዋ ቃል ስትነበብ ድምፅ ይቀንሳል፤ «የመንግሥት» የምትለዋ ስትነበብ ይጮሃል። እኛ ሁለቱም እኩል እንዲነበቡ እንጠይቃለን።

ታዲያ ጥንቅሽ የት ይዘራ? ማሽላ ቀድሞውንም ካለበት። ወሎ፣ ሐረርጌ፣ ሰሜን ሸዋ አሉ። በዚሁ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥም ኮንሶ አለ፤ እርከኑን በድንጋይ ገንብቶ ማሽላ ሲያበቅል የኖረ፣ ድርቅ ደጋግሞ የደቆሰው ሕዝብ። የኮንሶ ገበሬ በገዛ ማሳው፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ከሚዘራው ማሽላ የተወሰነውን አገዳው በሚሸጥ ዘር ቢቀይር ዝናብ ባጠረበት ዓመት እንኳ ከአገዳው የሚያገኛት ጥቂት ብር ትኖራለች። ለይርጋጨፌስ ምን ይድረሳት? የራሷ ጭማቂ አላት። 1 ኪሎ ንፁህ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ይታጠባል። ቅርፊቱና የሚያዳልጠው ጣፋጭ ፈሳሽ በየማጠቢያ ጣቢያው ይከማቻል፣ ወንዝ ያበላሻል፣ ይሸታል። ስኳር ስላለው ነው የሚቦካው። ከዚህ ተረፈ ምርት ኢታኖል ማውጣት እንደሚቻል የአገራችን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። የሚገኘው መጠን ብዙ ባይሆንም አንድ ዛፍ ሳይቆረጥ፣ አንድ ጋሻ መሬት ሳይነጠቅ ወንዙን ያፀዳል፣ ምድጃም ያነድዳል።

ስለዚህ ይህ ጋዜጣ የሚከተሉትን ይጠይቃል።

አንደኛ፣ በመልካሳ፣ በሲሪንቃና በሐረማያ ያሉት የማሽላ ተመራማሪዎች ለጥንቅሽ ማዳቀል ብቻ የተመደበ፣ ቢያንስ ለአሥር ዓመት የማይቋረጥ በጀት ይሰጣቸው። ለአንድ ሰሞን ፌስቲቫል የሚወጣው ገንዘብ እንኳ ብዙ ያስኬዳቸዋል።

ሁለተኛ፣ በብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ማቀዝቀዣ ውስጥ የተኛው የአገር ዘር እየተዘራ የስኳሩ መጠን ይለካ፣ ይመዝገብ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ዘራችን ያለ ፈቃድና ያለ ጥቅም ክፍፍል እንዳይወጣ ደንግጓል። አዋጁ በወረቀት ላይ አይቅር። ከባዕድ ጋር የሚፈረም ማንኛውም የዘር ውል ከመፈረሙ በፊት ለሕዝብ ይገለጥ። የጤፉ ይበቃናል።

ሦስተኛ፣ ለነዳጅ ተክል ተብሎ አንድም ገበሬ ከማሳው፣ አንድም አርብቶ አደር ከግጦሹ አይነሳ። ባለማሳው ራሱ ይዝራ። ጌዴኦን የመሰለ ጥብቅ የዛፍና የእንሰት አገር ከዚህ ዓይነቱ ዕቅድ ውጭ መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ።

አራተኛ፣ ገበሬው ከመዝራቱ በፊት የአገዳው ዝቅተኛ ዋጋ በውል ይታወቅ፤ የተጨመቀው ገለባም ይመለስለት። የወላይታ የጉሎ ታሪክ እንዳይደገም።

አምስተኛ፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲና የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየን የቡና ቅርፊቱን ጉዳይ በአንድ ማጠቢያ ጣቢያ እንዲሞክሩት መንግሥት ይርዳቸው። ካልረዳም አያደናቅፋቸው።

የጠየቅነው ሰማይ ይውረድ የሚል አይደለም። ይርጋጨፌ የሚለውን ስም ያስመለሰ አገር ጥንቅሽ የሚለውን ዘር ማስከበር አያቅተውም። ነገ አንድ የውጭ ኩባንያ ከወሎ ወይም ከሐረርጌ በሄደ ዘር የተሠራ «አዲስ» የነዳጅ ማሽላ ይዞ መጥቶ በዶላር ሲሸጥልን፣ የዚያን ጊዜ ደብዳቤ መጻፍ ዋጋ የለውም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።

ጥንቅሹ አለ። ጥርሱም አለ። ባለሥልጣኖቻችን ከእንቅልፋቸው ነቅተው ያኝኩ፤ ካልሆነም የሚያኝከውን አይከልክሉ!